የትምህርት ቤቱ ገንዘብ በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ይለጠፍ

(በአምቦ ከተማ ለመራጮች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የአምቦ ከተማ ነዋሪዎች፤ ከጉደር፣ ከጊንጪ፣ ከጌዶ፣ ከኢጃጂና ከባኮ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወገኖች፤ እናቶችና አባቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤

 

ፓርቲያችን ለምርጫው ካዘጋጃቸው የፖሊሲ አማራጮች መካከል ዛሬ ለእኔ የደረሰኝ የትምህርት ገንዘብ ጉዳይ ነው። ርዕሱ ደረቅ ነው አትበሉኝ። ስለ በጀት ሲወራ ሰው እንደሚያዛጋ አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጅ ያስመዘገበ ወላጅ ሁሉ፣ የትምህርት ዘመን ሊጀመር ሲል «ለትምህርት ቤቱ ድጋፍ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ወረቀት ደርሶት ያውቃል። ያ ወረቀት ከየት መጣ? ሕግ ነው ወይስ ልመና? የተከፈለውስ ገንዘብ ምን ላይ ዋለ? መንግሥት ለዚያው ትምህርት ቤት የመደበው ገንዘብስ የት ደረሰና ነው ወላጅ እንደገና የሚከፍለው? ንግግሬ በሙሉ ስለዚህች ወረቀትና ከጀርባዋ ስላለው ደንብ ነው።

እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት መምህር ነበርኩ። ያስተማርኩበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠራም፤ ዛሬም እዚያ የሚደክሙ ባልደረቦች አሉኝ። አንድ ዓመት ከመስከረም እስከ ግንቦት ጠመኔ እየለመንን አስተማርን። የላቦራቶሪው በር ቁልፍ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎት ስለነበር ተማሪዎቻችን መሣሪያዎቹን በመስኮት ነበር የሚያዩት። ሰኔ 24 ቀን፣ ተማሪው ተበትኖ ግቢው ጭር ካለ በኋላ፣ አንድ መኪና መጥቶ የጽሕፈት ቤት ወንበሮች፣ አርባ መጥረጊያና ብዙ ካርቶን የካርቦን ወረቀት አራገፈ። ምነው ብለን ብንጠይቅ «በጀቱ ሰኔ 30 ስለሚቃጠል ነው» ተባልን። ካርቦን ወረቀት! በግቢው ውስጥ የሚሠራ የጽሕፈት መኪና ከጠፋ እኮ ሰንብቷል። ዳይሬክተሩን አልወቅሰውም። ያ ሰው ጠመኔ ለማስገዛት ደብዳቤ ጽፎ ሦስት ቢሮ ሲመላለስ አይቼዋለሁ። በሰኔ ግን ማንም ምን ትፈልጋለህ ሳይለው ዕቃ ተጫነለት።

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ገንዘብ ደንባችን ታች ያለውን ዳይሬክተር እጁን ይጠፍራል፤ ላይ ያለውን ባለሥልጣን ግን ይለቃል። ለአንድ ካርቶን ጠመኔ ሦስት ፊርማ ይጠየቃል፤ የወረዳ የትምህርት በጀት ለስብሰባ አበል ሲዞር ግን ወላጅ የሚያውቀው ነገር የለም። ፓርቲያችን ይህን ሊገለብጠው ይፈልጋል፤ ከታች ነፃነት፣ ከላይ ቁጥጥር።

እስቲ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመጣ እንመልከት። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች ድጎማ በጥቅል ይሰጣል። ክልሉ በቀመር አከፋፍሎ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች ያወርዳል። ለወረዳ በጥቅል የማውረዱ አሠራር በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በደቡብና በትግራይ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሐሳቡን አንቃወምም፤ እንዲያውም ሥልጣን ወደ ሕዝብ ይቅረብ ማለት የእኛም ጥያቄ ነው። ነገር ግን «ጥቅል» ማለት ወረዳው ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት፣ ለውሃ ስንት፣ ለአስተዳደር ስንት እንደሚሆን ራሱ ይወስናል ማለት ነው። ወረዳው ሲደለድል መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ደመወዝን ነው። ይህ ግዴታ ነው፤ መምህሩም የሚከፈለው በቅቶት አያውቅም። ከደመወዝ የተረፈችው ሥራ ማስኬጃ ትባላለች። ጠመኔና ወረቀት፣ የፈተና ማባዣ፣ መብራትና ውሃ፣ የወንበር ጥገና፣ የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ የመጸዳጃ ቤት በር፣ ይህ ሁሉ ከእሷ ላይ ነው የሚወጣው። በየወረዳው ከትምህርት በጀት እጅግ አብዛኛውን ደመወዝ እንደሚወስደው መንግሥትም ለጋሾችም በየሪፖርታቸው የጻፉት ነው። እንግዲህ ቀሪዋ ስታንስ፣ እሷም ዘግይታ ስትመጣ፣ ያቺ ወረቀት ወደ እናንተ ቤት ትላካለች።

ደንብ ጠፍቶ ነው? አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ወደ ታች እንዲወርድ፣ ትምህርት ቤቶች በውስጥ አስተዳደራቸው ራሳቸውን እንዲችሉ፣ ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች ባሉበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመሩ ይላል። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አመራር አደረጃጀት፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ፋይናንስ መመሪያ አወጣ። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት የምንላቸው አካላት ሥራቸው የተዘረዘረው በዚህ ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ተጀምሮ፣ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላ የትምህርት ቤት ድጎማ ወደየትምህርት ቤቱ መውረድ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ የመሻሻል ዕቅድ አውጥቶ፣ ወላጆች መክረውበት፣ ገንዘቡን በዚያ ዕቅድ ላይ ማዋል ነበረበት። ይህ በወረቀት ላይ ካየኋቸው ደንቦች ሁሉ የተሻለው ነው። መምህር ሆኜ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን እንግዛ?» ተብለን የተጠየቅነው በእሱ ጊዜ ነው። እውነቱን መናገር አለብን፤ ተቃዋሚ ስለሆንን መልካሙን መካድ የለብንም።

ታዲያ ምን ጎደለው? አንደኛ፣ የፕሮጀክት ገንዘብ ነው፤ ፕሮጀክት የማለቂያ ቀን አለው፤ ልጅ ግን በየዓመቱ ይወለዳል። ሁለተኛ፣ በአንድ ተማሪ ስንት ብር የሚለው ልክ የገበያን ዋጋ አይከተልም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ደርዘን ደብተር ስንት እንደገባ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ሁሉ መመሪያ እንጂ ሕግ አለመሆኑ ነው። መመሪያ በቢሮ ወጥቶ በቢሮ ይሻራል። መመሪያውን የጣሰ ኃላፊ ቢበዛ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው ይዛወራል። ወላጅ መመሪያ ተጣሰ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድ ቢያስብ ምኑን ይዞ ይሄዳል?

ስለ ቦርዱም አንድ ነገር ልበል። ወላጅ ይወስናል የተባለበት የቀበሌ ቦርድ ሰብሳቢው በአብዛኛው የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ሊቀመንበሩ ደግሞ የገዥው ፓርቲ ሰው ነው። ስለዚህ ጠያቂም ተጠያቂም እሱው ሆነ። እናት ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ «የአምናው ገንዘብ የት ገባ?» ብትል የምትጠይቀው የቀበሌ መታወቂያዋን የሚያድስላትን ሰው ነው። ማን ይጠይቃል?

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ለዚህ አካባቢ አዲስ አይደለም። በንጉሡ ዘመን፣ ከተማችን ሀገረ ሕይወት ተብላ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ ነበር። በየጠቅላይ ግዛቱም የትምህርት ቦርድ ተቋቁሞ ነበር። ገበሬው «ለልጅህ ትምህርት ነው» ተብሎ ከፈለ። ከፋዩ ገበሬ ግን በዚያ ቦርድ ላይ ወንበር አልነበረውም፤ የብዙው ገበሬ ልጅም የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ አደገ። ኋላ በ1950ዎቹ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ሲቋቋም ካነሳቸው ጉዳዮች ዋናው ይኸው ነበር፤ ሕዝቡ ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርት ቤትና መንገድ መሥራት። ያ መዋጮ ከዛሬው በምን ይለያል? ያዋጣው ሰው ምን እንደተሠራ በዓይኑ ያይ ነበር፤ ማኅበሩም የእሱ ነበር። መንግሥት ማኅበሩን በ1959 ዓ.ም. ሲዘጋው መዋጮውን ፈርቶ አይመስለኝም፤ አዋጥቶ የሚጠይቅ ሕዝብ ፈርቶ ነው።

በ1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙበት «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናትም ቢሆን በውስጡ የገንዘብ ጥያቄ ነበረበት። ያለው በጀት ለማን ይዋል የሚል ነው። ጥናቱ ከሕዝብ ተደብቆ ተዘጋጅቶ ድንገት ሲሰማ፣ የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ በሩ ሊዘጋበት ነው ተብሎ ወላጅም መምህርም ተነሣ። በጥናቱ ውስጥ ጥሩ ሐሳብም ነበረ የሚሉ ምሁራን አሉ። ቢኖርም አልጠቀመውም፤ ባለቤቱ ሳይሰማ ስለ ገንዘቡ ተወስኖ ነበርና።

ወደ እኛ ዘመን ልመለስ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተማሪዎች ሲነሡ ከጭልሞ ደን ጋር አብሮ የተነሣው የኳስ ሜዳ ጉዳይ እንደነበር እዚህ የተቀመጣችሁ የጊንጪ ልጆች ከእኔ በላይ ትነግሩኛላችሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ የፈሰሰውን ደም ዛሬ አልተርከውም። ያነሣሁት ለአንድ ነገር ነው። ልጆች የሚውሉበት ቦታ፣ መሬቱም ገንዘቡም፣ ሳይጠየቁ ሲወሰንበት ነገሩ በቢሮ ውስጥ አይቀርም።

አሁን ወደዚያች ወረቀት እንምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመንግሥት ትምህርት እስከ 12ኛ ክፍል በነፃ ነው ይላል። በዚያው ሰሞን ደግሞ «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው ንቅናቄ ተጀምሮ ሕዝቡ በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ተጠራ። በክልላችንም ለቡኡረ ቦሩ የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ብዙ መዋጮ ተደርጓል። ሕዝብ ለልጁ ማዋጣቱን እኛ አንቃወምም። የኦሮሞ ሕዝብም ሆነ የአካባቢያችን ሕዝብ ሁሉ በደቦና በጂጊ የኖረ ነው። የምንቃወመው ውዴታ ተብሎ ግዴታ መሆኑን ነው።

አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ከተማዋንና ስሟን ልተወው። ጎመንና ሽንኩርት በመደብ የምትሸጥ ናት። ልጇ ክፍሉን አልፎ ካርዱን ሊወስድ ሲሄድ «የድጋፉን ገንዘብ ካልከፈልክ ካርድህ አይሰጥም» ተባለ። ደረሰኝ ካገኘሁ ልክፈል ብትል ደረሰኝ የለም ተባለች። ተበድራ ከፈለች። ልጁ ካርዱን አገኘ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የነገራት ሰው የለም። እኔ ይህን ግብር ነው የምለው። ግብር ደግሞ ያለ ሕግ አይጣልም። ሀብታሙም ጎመን ሻጯም እኩል የሚከፍሉት ግብር ከሁሉ የከፋው ነው።

ውጤቱንስ አየነው ወይ? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነበር፤ ከመቶ ሦስት ማለት ነው። በዚያ ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ይህም ተሻለ ተብሎ ነው። ኩረጃ ስለቆመ እውነቱ ታየ የሚለውን ክርክር እቀበለዋለሁ። ግን እኮ የታየው እውነት ይህ ነው! መጽሐፍ የሌለው፣ ቤተ ሙከራው የተቆለፈ፣ ጠመኔ የሚለመንበት ትምህርት ቤት ልጅ ያሳልፍ ዘንድ መጠበቅ አይቻልም። የጎደለው ሁሉ ገንዘብ ነው አልልም፤ ገንዘቡ ያለበት ቦታ ግን ባለመታወቁ ምን ያህሉ የገንዘብ፣ ምን ያህሉ የአመራር ችግር እንደሆነ እንኳ ለይተን መናገር አንችልም።

ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከደመወዝ ውጭ የሚልከው ገንዘብ ተጠንቶ ነበር። ከመቶ ብር 13ቷ ብቻ ነበረች ትምህርት ቤት የምትደርሰው! ቀሪው በአውራጃ ባለሥልጣናት እጅ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየአውራጃው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ ከ80 በላይ መድረስ ጀመረ። ጋዜጣው ብቻውን ነው ወይ ያመጣው በሚለው ላይ አጥኚዎች ይከራከራሉ፤ ሌሎች ማሻሻያዎችም ነበሩ። ሆኖም ወላጁ «ይህን ያህል ተልኮልሃል፤ የት አደረስከው?» ለማለት መጀመሪያ ቁጥሩን ማወቅ ነበረበት።

በእኛም አገር ተሞክሯል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን ድጋፍ አቆሙ፤ በምትኩ በ1998 ዓ.ም. ፒቢኤስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አመጡ። ከፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱ የወረዳ በጀትና ወጪ ለተራ ሰው በሚገባ መንገድ ተጽፎ በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ያንን ሰሌዳ ታስታውሱታላችሁ። ለእኔ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የገዛ ገንዘባችንን ቁጥር እንድናይ የጠየቀልን የውጭ ለጋሽ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590ም ቢሆን ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስንቶቻችን ተጠቅመንበት እናውቃለን? ብንጠቀምስ ማን ይመልስልናል?

እንግዲህ ፓርቲያችን የሚያቀርበው ምንድን ነው? በሕግ እንጂ በመመሪያ የማይተው ጥቂት ነገር።

የትምህርት ገንዘብ አወጣጥ ሕግ ለጨፌ ኦሮሚያ እናቀርባለን። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጥ ሰው የአምቦን ወይም የባኮን ትምህርት ቤት በጀት ማዘዝ አይችልም፤ እችላለሁ የሚላችሁ እጩ ካለ አትመኑት። ይህ ጉዳይ በጨፌው የሚወሰን ነው፤ ስለዚህ ለጨፌው የምትሰጡትን ድምፅ እንደ ሁለተኛ ድምፅ አትዩት።

በዚህ ሕግ ማንኛውም ወረዳና ከተማ አስተዳደር ከትምህርት በጀቱ ቢያንስ ከመቶ አሥር እጁን ለትምህርት ቤቶች ሥራ ማስኬጃ እንዲያውል ይገደዳል፤ በአንድ ተማሪ የሚሰላው ልክም በየዓመቱ ከዋጋ ጋር ይስተካከላል። ገንዘቡ ግማሹ ክፍል ከመከፈቱ በፊት፣ ቀሪው እስከ ጥር ድረስ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይገባል። በሰኔ ያልወጣ የትምህርት ቤት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት አይመለስም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ትምህርት ቤት ይተላለፋል። ይህች አንዲት አንቀጽ ብቻ አርባ መጥረጊያና ካርቦን ወረቀት ታስቀራለች። በትንሽ ግዢ ላይ ዳይሬክተሩና የወላጅ መምህር ኅብረቱ ተፈራርመው የወረዳን ደብዳቤ ሳይጠብቁ ይገዛሉ። በአንጻሩ ወረዳውና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለስብሰባ፣ ለአበልና ለተሽከርካሪ ያወጡትን ዘርዝረው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።

የትምህርት ቤት ገንዘብ ለማንም ፓርቲ ስብሰባ፣ ለሰልፍ ማጓጓዣ፣ ለቲሸርትና ለፎቶግራፍ አይውልም። ይህ የእኛንም ፓርቲ ይጨምራል። ነገ ብንመረጥ የመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች እኛ እንድንሆን የሚያስችል አንቀጽ ራሳችን እየጻፍን ነው።

በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ዝናብ የማያበላሸው ሰሌዳ ይቆማል። ከመንግሥት የመጣው፣ ከወላጅ የተሰበሰበው፣ የወጣውና ምን ላይ እንደወጣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በየሩብ ዓመቱ ይጻፍበታል። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች በዓመት ሁለት ጊዜ በጠቅላላ ስብሰባ በቃል ይነገራል። የትምህርት ቤት ቦርድ ሰብሳቢ የቀበሌ ወይም የወረዳ ሹመት የያዘ ሰው መሆኑ ይቀራል፤ ወላጆች በምስጢር ድምፅ ይመርጡታል።

መዋጮን በተመለከተ፦ ማንኛውም መዋጮ የወላጆች ጠቅላላ ስብሰባ ሲወስነው ብቻ ይሰበሰባል፤ በሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ይከፈላል። ምዝገባ፣ ካርድ፣ ትራንስክሪፕት፣ የፈተና መግቢያ ከመዋጮ ጋር ሊያያዝ አይችልም፤ ያያያዘ ኃላፊ በሕግ ይጠየቃል። የትምህርት ቤት ግቢና ሜዳም ወላጆች ሳይስማሙ ለሌላ ጥቅም አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በጽሑፋችን ላይ አልገባም ነበር፣ ጌዶ ላይ አንድ አባት ናቸው ያነሡልን። በጸጥታ ችግር የገጠር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ከተማ ወዳለ ዘመድ ይመጣል። ስልሳ ልጅ በነበረበት ክፍል ዘጠና ይገባል። በጀቱ ግን የተደለደለው በአምናው ቁጥር ነው። ገንዘቡ ልጁን ተከትሎ ይምጣ አሉን። ልክ ናቸው፤ አስገብተነዋል።

አሁን ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ገንዘቡን ለዳይሬክተርና ለወላጅ ብትሰጡት ይበላል» የሚል ነው። ሊበላ ይችላል። ሰው ሁሉ መልአክ አይደለም፤ መምህርም ወላጅም ሌባ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በትምህርት ቤት ደረጃ የሚጠፋ ገንዘብ የሚታይ ነው። ጣሪያው ካልተሠራ ዝናቡ ይናገራል፤ ሰሌዳው ላይ «ጣሪያ» ተብሎ ተጽፎ ጣሪያው ከሌለ ሕፃን ልጅ እንኳ ያየዋል። በዞንና በወረዳ ደረጃ የጠፋ ግን ማን ያየዋል?

ሁለተኛው «ከመቶ አሥር እጁን ከየት ታመጡታላችሁ?» የሚል ነው። ከደመወዝ አንነካም፤ ይህን በግልጽ እናገራለሁ። መምህሩ ከሚኖርበት ሁኔታ ላይ አንዲት ሳንቲም መቀነስ ግፍ ነው። መጀመሪያ የሚቀነሰው የአስተዳደር ወጪ ነው፤ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት የሚዞረው ስብሰባ፣ አበልና ነዳጅ። ይህ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ቀሪውን ክልሉ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ በሚውል ድጎማ መሙላት ይኖርበታል፤ ለዚያም ሲባል አንዳንድ የሕንፃና የአደባባይ ፕሮጀክት ሊዘገይ ይችላል። ከተማችሁ አምፖል ያለው አደባባይ ወይም ልጃችሁ መጽሐፍ ያለው ትምህርት ቤት፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት ላይገኙ ይችላሉ። እኛ መጽሐፉን አስቀድመናል። በዚህ የማይስማማ ሰው ድምፁን ለሌላ ሊሰጥ መብቱ ነው፤ እያወቀ ይስጥ ነው የምንለው።

ስትወጡ በር ላይ ያሉ ወጣቶች አንዲት ወረቀት ይሰጧችኋል። በእሷ ላይ ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የምታቀርቧቸው አራት ጥያቄዎች ተጽፈዋል፤ ዘንድሮ ከመንግሥት ስንት መጣ፣ መቼ መጣ፣ ከወላጅ ስንት ተሰበሰበ፣ ምን ተገዛበት። እነዚህን ለመጠየቅ ምርጫ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የእኛ ፓርቲ አባል መሆንም አያስፈልግም። በአዋጅ 590 መሠረት በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የጥያቄያችሁን ቅጂ አስቀሩ፣ ቀኑን ጻፉበት። የተሰጣችሁን መልስ፣ መልስ የከለከሏችሁንም ቢሆን፣ ወደ ቢሮአችን ብታመጡልን እናሰባስበዋለን።

እዚህ ላይ ላብቃና መድረኩን ለጥያቄ ልልቀቅ። ከኋላ ያሉት እናቶች ቆመው ስለቆዩ ከእነሱ እንጀምር። እትዬ፣ እርስዎ ቅድም እጅዎን ሲያነሡ አይቻለሁ፤ ማይኩ ይድረስዎ።